ለሽያጭ የቀረበ የሠራዊት ዋዝ፦ ከሥሩ ሲታይ

ከዋጋው ልጀምር። ሰባት መቶ ሺ ብር። ደላላው ቁጥሩን በስልክ ሲጠራ ትንሽ እንኳ አላፈረም። መኪናው ዋዝ ነው። ሊብሬው ላይ የተሠራበት ዘመን እ.ኤ.አ. 1979 ይላል። ኤሲ የለውም፣ ፓወር ስቲሪንግ የለውም፣ ጣሪያውም ሸራ ነው። ይህን ሁሉ ስዘረዝርለት «ብሮ፣ ይሄ እኮ ተራ መኪና አይደለም። የሠራዊት ነው፣ ኦሪጅናል!» አለኝ።

ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ዋዝ የሚሸጥ ሰው ሁሉ «የሠራዊት ነው» ይላል። አንዳንዱ እውነቱን ነው። አንዳንዱ ደግሞ አረንጓዴ ቀለም ቀብቶ ነው። ልዩነቱ የታሪክ ብቻ ቢሆን ግድ አይሰጠኝም ነበር። ግን ልዩነቱ ብረት ነው። መኪናው ሥር ገብተህ በእጅህ የምትነካው ብረት። ስለዚህ ሰንዳፋ ድረስ ሄጄ አየሁት።

ለማያውቅ ሰው ባጭሩ፦ ዋዝ የምንለው ቮልጋ ወንዝ ዳር ባለችው ኡልያኖቭስክ ከተማ የተሠራ የሶቪየት ጂፕ ነው። ሞዴሉ 469 ይባላል። ፋብሪካው ማምረት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1972 መጨረሻ ላይ ነው። ወደ እኛ አገር የገባው ደርግ ከሶቪየቶች ጋር ከተወዳጀ በኋላ ነው። በዚያ ዘመን የኖረ ሰው ዋዝ ሲያይ ወይ ይከፋዋል ወይ ይናፍቀዋል። ሁለቱም ስሜት ዋጋ ያስወድዳል፣ ደላሎችም ይህን አሳምረው ያውቃሉ። እኔ ግን ዋዝ ሳይ ትዝ የሚለኝ ጭቃ ነው።

ሥራዬ ቅየሳ ነው፤ መሬት እለካለሁ። ያለችኝ መኪና ቪትዝ ናት። ለከተማ ምንም አይወጣላትም። ክረምት ላይ ጅሩ ወይም በቾ ሂድ ስባል ግን ልቤ ድው ይላል። ዋልካውን የሚያውቅ ያውቀዋል። በበጋ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል። ሲረጥብ ጎማ ላይ እየተጠቀለለ ፓራፋንጎውን ይሞላና መኪናዋን ቀጥ ያደርጋታል። መሣሪያው በአህያ፣ እኛ በእግር የምንሄድበት ጊዜ ብዙ ነው። መኪና ተከራይቼ እንዳልሄድ፣ የክረምት የላንድክሩዘር ኪራይ ከሥራው የማገኘውን ይበላዋል። አሮጌ ላንድክሩዘር ልግዛ ብል ደግሞ ዋጋው አይነካም። በ2016 ዓ.ም. ኤሌክትሪክ ያልሆነ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ያገለገለ ነገር ሁሉ ዋጋው ሰማይ ወጥቷል። ዓይኔ ዋዝ ላይ ያረፈው በዚህ ምክንያት ነው።

ብቻዬን አልሄድኩም። ድሮ በሠራዊቱ ጋራዥ የሠሩ፣ አሁን ቃሊቲ በኩል ትንሽ ጋራዥ ያላቸውን መካኒክ ይዤ ሄድኩ። ጋሼ ነው የምላቸው። የቀን አበላቸውን ከፍዬ፣ ቁርስ ጋብዤ። ዋዝ ሊገዛ የሚነሳ ሰው እንዲህ ዓይነት ሰው ሳይዝ ባይሄድ ጥሩ ነው። ዩቲዩብ ላይ ያሉት ቪዲዮዎች ጥሩ ናቸው፣ ግን የዘይት ሽታ አያስተምሩም።

መኪናው የቆመው ከእህል መጋዘን ጀርባ ነው። ባለቤቱ እህል ነጋዴ ናቸው። ከመንግሥት ጨረታ ያወጣው ሌላ ሰው ነው፤ እሳቸው ከእሱ ገዝተው ነው። መኪናው ከሩቅ ሲታይ ያምራል። ቀለሙ ትኩስ ነው፣ ቴንዳውም አዲስ ነው፣ መርካቶ የተሰፋ። ጋሼ ግን ቀለሙን ዞር ብለውም አላዩት። ሰላምታው በወጉ ሳያልቅ ጎንበስ ብለው በፊት በኩል ሥሩን አዩ።

«አለው» አሉ።

«ምን?» አሉ ባለቤቱ።

«ሳጥኑ።»

ባለቤቱ አልገባቸውም። ሰባት መቶ ሺ የጠሩበትን መኪና ዋነኛ ነገር አያውቁትም ነበር። ደላላውማ ጭራሽ።

ላስረዳ። 469 ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ለሠራዊት የተሠራው ነው። ሌላው የሩሲያኛ «ቢ» ፊደል ስሙ ላይ ተጨምሮበት ለእርሻ ድርጅትና ለመሥሪያ ቤት የተሠራው ነው። ከላይ ሲታዩ አንድ ናቸው። ቦዲው አንድ፣ ሞተሩ አንድ፣ ወንበሩ አንድ። ልዩነቱ አክስሉ ላይ ነው። የሲቪሉ አክስል እንደማንኛውም መኪና በቀጥታ የጎማው መሐል ላይ ይገባል። የሠራዊቱ ግን ከጎማው መሐል ከፍ ብሎ ነው የሚያልፈው። ጎማው ጋ ሲደርስ የብረት ሳጥን አለ። ሳጥኑ ውስጥ ያሉት ጥርሶች ኃይሉን ወደ ታች ያወርዱታል። በዚህ የተነሳ መኪናው ጎማው ሳይተልቅ ብቻውን ከፍ ይላል። የሠራዊቱ ከመሬት 30 ሳንቲሜትር ከፍታ አለው። የሲቪሉ 22 ነው። ስምንት ሳንቲም ወረቀት ላይ ምንም አይመስልም። ዋልካ ላይ ግን የሚወጣና የሚቀር መኪና የሚለየው በዚህ ነው። ትራክተር የቆፈረው የጎማ ፈር መሐል ያለውን ጉብታ ዲፍሬንሻልህ (አክስሉ መሐል ያለው የጥርስ ቤት) ካልነካው ትሄዳለህ። ከነካው አካፋ ታወጣለህ።

ሜትር ከኪሴ አይጠፋም፤ የሙያ ነገር ነው። ጀርባዬ ላይ ተኝቼ ገባሁና ከመሬት እስከ ኋላ ዲፍሬንሻሉ ሆድ ለካሁ። 29 ከምናምን። ጎማው ተበልቷል፣ ነፋሱም ትንሽ ጎድሏል፤ ቁጥሩ ልክ ነው። የፊቱም እንደዚያው። ሁለቱንም መለካት ያስፈልጋል። አንዱ ሲሰበር የሲቪል አክስል የሚገጥም ሰው አይጠፋም። ያኔ መኪናው ወደ አንድ በኩል ያዘነብላል፤ ይባስ ብሎ የሁለቱ አክስሎች የጥርስ ቁጥር አይመሳሰልም። ፎርዊል ስታስገባ ፊትና ኋላ እርስ በርስ ይጓተታሉ።

ሁለተኛው ምልክት ኮፈኑ ሥር ነው። የሠራዊቱ ዋዝ የእሳት ክፍሉ በብረት የተሸፈነ ነው። ዲስትሪቢዩተሩ የብረት ቆብ አለው፣ የካንዴላ ገመዶቹም የብረት ሽሩባ ለብሰዋል። የሞተሩ እሳት የመገናኛ ሬዲዮውን እንዳይረብሽ ነው። እዚህኛው ላይ ቆቡ አለ፣ ገመዶቹ ግን በተራ ገመድ ተተክተዋል። ጋሼ በዚህ አልተከፉም። «ሬዲዮ የለህ፣ ምን ያደርግልሃል» አሉኝ። እንዲያውም ተራው ገመድ ሲበላሽ በቀላሉ ይገኛል።

ስለዚህ ደላላው አልዋሸም። መኪናው እውነተኛ የሠራዊት ነው። ይህ ግን እዳም ነው። አራት ሳጥን ማለት አራት ተጨማሪ የዘይት ቦታ ማለት ነው። ቁጠሩት፦ ሞተር፣ ካምቢዮ፣ የፎርዊሉ ትራንስፈር፣ ሁለት ዲፍሬንሻል፣ አራት ሳጥን። ዘጠኝ ቦታ ዘይት። የከተማ መካኒክ የሚያስታውሰው ሦስቱን ነው።

እዚህ ጋ ነው ነገሩ የተበላሸው። በቀኝ የፊት ጎማ ውስጠኛ በኩል ዘይት ወርዶ ከአቧራ ጋር ተጋግሯል። ጋሼ በጣታቸው ፋቅ አድርገው አሸተቱት። «የማርሽ ዘይት ነው። የፍሬን አይደለም።» ቁልፍ ተቀብለው የሳጥኑን የዘይት ቡሽ ከፈቱና ትንሿን ጣታቸውን ሰደዱ። ጣታቸው ማኪያቶ የመሰለ ነገር ተለቅልቆ ወጣ። ለባለቤቱ አሳዩአቸው። አንድም ቃል አልተናገሩም። መናገርም አላስፈለጋቸውም። ውሃ ገብቷል። አንድ ቀን ወንዝ ውስጥ ተነድቶ፣ ከዚያ በኋላ ዘይቱን የነካው ሰው የለም። እንዲህ ያለ ዘይት ውስጥ የሚዞር ኩሽኔታ ስንት ጊዜ እንደሚቆይ መገመት ነው።

የቀሩትን ሦስቱንም አስከፈትን። የኋላዎቹ ንጹሕ ናቸው፣ ግን ጎድለዋል። የፊት ግራው ደህና ነው።

ሞተሩን በተመለከተ አንድ ዘዴ ላካፍላችሁ። ደላላው «አራት ሰዓት ላይ ኑ» ብሎ ነበር። እኛ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ደረስን። ሆን ብለን ነው። ጋሼ መጀመሪያ ኮፈኑን በመዳፋቸው ነኩ። ቀዝቃዛ። አሮጌ ሞተር ከሞቀ በኋላ ሁሉም ይነሳል፤ ፈተናው በሰንዳፋ የጠዋት ብርድ ነው። ሞተሪኖው ሁለቴ አቃስቶ ዝም አለ። ባትሪው ደክሟል። ባለቤቱ ሊያስገፉ ልጆች መጥራት ሲጀምሩ ጋሼ ከወንበሩ ጀርባ ማኖቬላ (ሞተር በእጅ አዙሮ የሚያስነሳ ብረት) አወጡ። ሊብሬው እንኳ ሳይታይ ማኖቬላው የት እንደሚቀመጥ ያውቃሉ! በፓራውልቱ ቀዳዳ አስገብተው ከታች ወደ ላይ ሳብ አደረጉ። አውራ ጣታቸውን ከሌሎቹ ጣቶች ጋር በአንድ በኩል አድርገው ነው የሚይዙት። ሞተሩ ወደ ኋላ ከመታ አውራ ጣት የሚሰበረው ማኖቬላውን ጨብጠህ ስትይዝ ነው። ትንሽ እንደሞከሩት ተነሳ። መጀመሪያ ነጭ ጭስ፣ ከዚያ ምንም። ሰማያዊ ጭስ የለም። ጋሼ የዘይት ክዳኑን ከፍተው እፍታውን አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። ጥሩ ማለታቸው ነው።

ይህ ሞተር 2.4 ሊትር ነው፣ አራት ሲሊንደር፣ በካርቡሬተር የሚሠራ ቤንዚን። ፋብሪካው 75 የፈረስ ጉልበት ይለዋል። ጉልበቱ ትንሽ ነው፣ አመሉም እንደዚያው። የተሠራው ለ76 ኦክቴን፣ ማለትም ለተናቀ ቤንዚን ነው። ስለዚህ የኛ ቤንዚን ለእሱ ድግስ ነው። ችግሩ ከፍታው ነው። ካርቡሬተር ያለው ሞተር አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ሩብ ያህል ጉልበቱን ያጣል። አየሩ ስስ ነው፣ ቤንዚኑ ግን እንደ ቆላው ይፈሳል። ጂግለሩን (ካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚን የሚያልፍባትን ቀዳዳ) ለደጋ ያላስተካከለ ዋዝ ጥቁር ካንዴላ ይኖረዋል፣ ነዳጅም ያለ ልክ ይጠጣል። የዚህኛው ካንዴላ ጥቁር ነበር። ይህ ግን በግማሽ ቀን የሚስተካከል ሥራ ነው። ሶቪየቶች እ.ኤ.አ. በ1974 ሦስት ዋዞችን ኤልብሩስ ተራራ ላይ እስከ 4,200 ሜትር ድረስ አውጥተዋል፤ ያለ ዊንች፣ ያለ ጎማ ሰንሰለት። ሰንዳፋማ ለእሱ ሜዳ ናት።

አሁን ወደ መንዳቱ። ፔዳሎቹ ከወለሉ ነው የሚወጡት፤ ከ1985 (እ.ኤ.አ.) በፊት የተሠሩት እንደዚህ ናቸው። በዚያ ዓመት ፋብሪካው ሞዴሉን አሻሽሎ ስሙን 3151 ብሎታል። ፔዳሉን ከላይ አንጠለጠለው፣ ፍሬኑን በሁለት መስመር ከፈለው። የዚህኛው ፍሬን አንድ መስመር ነው። አንዱ ቱቦ ከተቀደደ አራቱም ጎማ ፍሬን የለውም ማለት ነው። ከገዛችሁ በኋላ መጀመሪያ የምትቀይሩት የፍሬን ቱቦ ይሁን፤ ቀለም አይደለም፣ ሙዚቃ አይደለም።

የአለልቱን መንገድ ይዘን ወጣን። አንደኛና ሁለተኛ ማርሽ ሲንክሮናይዘር (ማርሽ ያለ ጩኸት እንዲገባ የሚያደርገው ክፍል) የላቸውም። ወደ ሁለተኛ ስትመልስ ሁለቴ ፍሪሲዮን መርገጥ፣ በመሐል ትንሽ ቤንዚን መስጠት ያስፈልጋል። አለበለዚያ ካምቢዮው ይጮህብሃል። ጋሼ ሲነዱት ምንም ድምፅ የለም። እኔ ስነዳው ግን ሰንዳፋ ሙሉ ሰማ። በሰዓት 60 ላይ ደስ ይላል። 80 ላይ ከጋሼ ጋር የምንነጋገረው በጩኸት ነው። ሳጥኖቹ ይዘምራሉ፣ ቴንዳው ያጨበጭባል። ፋብሪካው 100 ይሄዳል ይላል፤ ይሂድ፣ እኔ አልሞክረውም።

ፍሬን ስረግጥ ወደ ግራ ጎተተኝ። ጋሼ ሳቁ። ከቀኙ ሳጥን ያመለጠው ዘይት የፍሬኑ ከበሮ ውስጥ ገብቶ የፍሬን ሸራውን አርሶታል። ቀኙ አይይዝም፣ ግራው ይይዛል። አንድ ኦይል ሲል (ዘይት እንዳያመልጥ የሚይዝ ጎማ) ባለመቀየሩ ሳጥኑም ፍሬኑም ተያይዘው ሄዱ።

መሪው ከባድ ነው። ቆሞ ለማዞር ክንድ ይጠይቃል። ባሌስትራው በአራቱም በኩል ስለሆነ ባዶውን ሲሄድ ያነጥራል፤ ሰውና ዕቃ ሲጫንበት ይረጋጋል። ኋላ ተቀምጠው የነበሩት ደላላችን መጀመሪያ ላይ ሲቀልዱ ነበር፤ ስንመለስ ወገባቸውን ይዘው ወረዱ። አንቱ ያልኩት እዚያ ላይ በማዘን ነው።

ከዚያ ከአስፋልቱ ወጥተን ወደ እርሻው መንገድ። ሌሊቱን ዘንቧል። የፈለግኩት ይህንን ነው።

ፎርዊል ለማስገባት መጀመሪያ ትወርዳለህ። የፊት ጎማዎቹ መሐል ላይ ቆብ አለ። ቆቡን ፈትተህ ውስጡ ያለውን ብሎን በቁልፍ ታዞራለህ፤ በሁለቱም በኩል። ስለዚህ ጭቃው ውስጥ ከገባህ በኋላ ሳይሆን ከመግባትህ በፊት አስብበት። ክረምት ከሆነ እንደ ተገጠመ ተወው፣ ትንሽ ነዳጅ ይበላል እንጂ አይጎዳም። ከዚያ ወንበሩ አጠገብ ሁለት ዘንግ አለ። አንዱ የፊት አክስሉን ያስገባል፣ ሌላው ከባዱን ማርሽ። ከባዱ ማርሽ ፍጥነቱን በግማሽ ይቀንስና ጉልበቱን እጥፍ ያደርገዋል።

ሄደ። በቃ ሄደ። ትራክተር የቆፈረው ፈር ውሃ ሞልቶታል። በአንደኛ ከባድ ማርሽ፣ ቤንዚን ሳልሰጠው፣ በራሱ ቀስ እያለ ሲያልፍ መሪውን ያዝ ከማድረግ በቀር ሥራ አልነበረኝም። ሆዱ አንድም ጊዜ አልነካም። ፈሩ መሐል ሆን ብዬ አቆምኩትና እንደገና አስነሳሁት። ኋላው ትንሽ ተንሸራተተ፣ ከዚያ ያዘ። ጎማው ቀጭን ነው፤ ዋልካ ላይ ይህ ጥሩ ነው፣ ላዩ ላይ ከመንሸራተት ቆርጦ ወደ ጠንካራው ይደርሳል። ሰፊ ጎማ ለፎቶ ካልሆነ አትግጠሙለት።

ወሰን የለውም ማለቴ ግን አይደለም። ዲፍሬንሻል መቆለፊያ የለውም። አንድ ቦይ በሰያፍ ስንሻገር የፊት ቀኝና የኋላ ግራ ጎማ አየር ላይ ቀሩ። እነሱ ይሽከረከራሉ፣ መሬት የያዙት ሁለቱ ዝም። ወደ ኋላ ተመልሰን ቦዩን ቀጥ ብለን ተሻገርነው። ጋሼ «ዋዝ በጉልበት አይነዳም፣ በመንገድ ምርጫ ነው» ይላሉ፤ በዚህ እስማማለሁ።

ስለ ነዳጁ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ጋሼ የሚሉት በመቶ ኪሎሜትር ከ16 እስከ 18 ሊትር ነው፤ ፎርዊል ላይ ከዚያም ያልፋል። ቤንዚን በሊትር ከ100 ብር ካለፈ ቆይቷል። 17 ሊትር ብንል በትንሹ 1,700 ብር በመቶ ኪሎሜትር። ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን ደርሶ መልስ 260 ኪሎሜትር ገደማ ነው፤ አስሉት። የነዳጅ ታንኩ ሁለት ነው፣ እያንዳንዱ 39 ሊትር። ከፊት ወንበሮቹ ሥር ነው ያሉት፤ ማለትም ቤንዚን ላይ ተቀምጠህ ነው የምትነዳው። አንዱ ሲያልቅ በእጅ ቧንቧ ወደ ሌላው ታዞራለህ። ሁለቱ ከሞሉ ከ400 ኪሎሜትር በላይ ይወስዱሃል፤ ነዳጅ ማደያ ሰልፍ በሚያሰለች አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ግን ውስጡ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። የጎማ ማያያዣዎቹ ደርቀዋል። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው አታሳፍሩ።

ለእኔ ከነዳጁ የበለጠ ያሳሰበኝ የጣሪያው ሸራ ነው። ይህን ማንም ግምገማ ላይ አያነሳውም። የቅየሳ መሣሪያዬ ዋጋው ከመኪናው አያንስም። ሸራ በምላጭ ይከፈታል። ምሳ ልብላ ብዬ አቁሜው ልግባ? አልችልም። ስለዚህ ወይ የብረት ሳጥን ወለሉ ላይ ማስበየድ ነው፣ ወይ ጣሪያውን በላሜራ ማሠራት ነው። ላሜራው ክብደት ይጨምራል፣ ውበቱንም ይገድለዋል። ብረት ሳጥኑ ይሻላል።

መለዋወጫ ከምታስቡት ይሻላል። ፋብሪካው እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ሀንተር የሚባለውን ልጁን ሲሠራ ስለኖረ ብዙው ክፍል ይገጥማል። እዚህ አገር ግን አስመጪ ፍለጋ ሳይሆን ሶማሌ ተራ ነው የሚኬደው። ሰው ይጠየቃል፣ ሻይ ይጠጣል፣ «ነገ ና» ይባላል። ጓርኒሲዮን፣ ኦይል ሲልና ኩሽኔታ በልክ ከሌላ መኪና ይገኛል፤ አሮጌውን ይዞ መሄድ ብቻ ነው። የቸርኬው የብሎን ቀዳዳ አቀማመጥ ከሱዙኪ ጂፕ ጋር አንድ ነው፤ ይህ ጎማ ለሚቸገር ሰው ትልቅ እፎይታ ነው። የማይገኘው የሳጥኖቹ ጥርስ ነው። እሱ ከተበላ ሌላ ዋዝ ገዝቶ ማረድ ነው። በዚያ ማኪያቶ ዘይት የተናደድኩት ለዚህ ነው።

ወረቀት ላይ አትቸኩሉ። ሊብሬው ኮድ 2 መሆኑን፣ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ ከብረቱ ጋር መመሳሰሉን በዓይናችሁ እዩ። የሠራዊት መኪና ሞተሩ በየጋራዡ ሲቀያየር ኖሯል። የዚህኛው ሞተር ቁጥር ከሊብሬው ጋር ይመሳሰላል፤ ሻንሲው ግን በቀለም ተሸፍኖ ስለነበር በብረት ብሩሽ አስፋቅን። ባለቤቱ ቅር አላቸው፤ ቢላቸውም ግድ የለም። የጨረታው የሽያጭ ወረቀት ዋናው ይቅረብ፣ ኮፒ አትቀበሉ። ቀረጡ መከፈሉን፣ ከእዳና እገዳ ነጻ መሆኑን መንገድ ትራንስፖርት ሳታጣሩ ውልና ማስረጃ እንዳትገቡ። ቀለሙም ሊብሬው ላይ ከተጻፈው ጋር አንድ ይሁን። አንዳንድ ወጣቶች ዝንጉርጉር የወታደር ቀለም ይቀቡታል። ፎቶው ያምራል፤ ፍተሻ ላይ ግን ለምን እንደምትቆሙ ራሳችሁ ታውቃላችሁ።

እንግዲህ ይህ መኪና ለማን ነው? አንድ መኪና ብቻ ለሚኖረው ሰው አይደለም። ልጅ ትምህርት ቤት አድርሶ፣ ቦሌ ላይ ፓርኪንግ ፈልጎ፣ ቅዳሜ ላንጋኖ ለሚሄድ ሰው በፍጹም አይደለም። እሱ ዋዝ አማረኝ ካለ የሲቪሉን ይፈልግ፤ ድምፁ ያነሰ፣ ዘይቱ የቀለለ፣ ዋጋውም የሚቀንስ ነው። የሠራዊቱ የሚገባው ክረምት ላይ ጭቃ ውስጥ ሥራ ላለው፣ የሚያውቀው መካኒክ ላለው፣ ለአስፋልት ሌላ መኪና ላለው ሰው ነው። እኔ ሦስቱም አሉኝ። ለዚህ ነው የተከራከርኩት።

ጋሼ መጋዘኑ ጥላ ሥር ቁጭ ብለው በጣታቸው ቆጠሩ። አራቱ ሳጥን ይከፈታል፣ የቀኝ ፊቱ ኩሽኔታና ኦይል ሲል ይቀየራል፣ የፍሬን ሸራ በሁለቱም ፊት፣ የፍሬን ቱቦ በሙሉ፣ ባትሪ፣ ካርቡሬተር። ከቀለሙ በታች በበሮቹ ሥር ስቱኮ አለ፤ በማግኔት አየነው፣ አልያዘም። እሱ ይቆይ ተባለ። እኔ አምስት መቶ ሃያ ሺ ብዬ ገባሁ። ባለቤቱ ስድስት መቶ ሃምሳ አሉ። «ያንን ዘይት አይተውታል እኮ» አልኳቸው። «አይቻለሁ፤ እቀይረዋለሁ» አሉ። ዘይቱን መቀየር ኩሽኔታውን አይመልሰውም፣ ግን ሰውየው ቅን ናቸው፣ አልተጨቃጨቅንም። ደላላው እንደ ወጉ «መሐል ላይ እንገናኝ» አለ። አምስት መቶ ስልሳ ድረስ ወጥቼ ቆምኩ። ስልክ ተቀያይረን ተለያየን።

ይህን ስጽፍ መኪናው ገና አልተሸጠም። ሌላ ሰው ሊያየው የሚሄድ ከሆነ ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ ይድረስ። የቀኝ የፊት ሳጥኑን ቡሽ አስከፍቶ ይይ። ዘይቱ አዲስ ሆኖ ካገኘው አይደሰት፤ ጎማውን በክሪክ አስነስቶ ላይና ታች ይነቅንቀው፣ ቀስ አድርጎ እያዞረም ያዳምጥ። ካልተንቀጫቀጨ ስድስት መቶ ሺ አይበዛበትም። ከተንቀጫቀጨ የእኔን ዋጋ ይጥራ።